ለተከታዩ በር የያዘለት ሰው

የካቲት 4፣ ሰኞ

ጭራቃችን መራመድ አልቻለም፤ ይንሳፈፋል። ሰዓሊው ረጅም ካፖርት አልብሶታል፣ ትከሻውን አጉብጦታል፣ ፊቱን ባዶ አድርጎታል። ኮሪደሩ ላይ ሲለቁት ግን ጎማ የገጠሙለት ቁም ሣጥን ይመስላል። አለቃ ቆሞ አየውና "ይሄ ነው የሚያስፈራው? ይሄማ የሚገፉት ዕቃ ነው" አለ። አረማመዱ የኔ ሥራ ስለሆነ ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

አምስት ሆነን አንድ አፓርታማ ውስጥ የሚያስፈራ የቪዲዮ ጨዋታ እንሠራለን። ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት ሴት እናቷ ስትሞት ወደ ድሮ ቤቷ ትመለሳለች፤ ቤቱ ውስጥ ሌሊት ሌሊት የሚዞር አንድ ነገር አለ፤ ድምፅ በሰማ ቁጥር ይከተላታል። ስሙም ተከታዩ ነው። ታሪኩን የጻፈችው አሜን ናት። አሜን የምንላት ማንኛውንም ነገር በደግ ካልጨረሰችው እንቅልፍ ስለማይወስዳት ነው። እኔ የተከታዩን ጠባይ በኮድ እጽፋለሁ፦ ምን እንደሚሰማ፣ የት እንደሚፈልግ፣ እንዴት እንደሚይዝ።

ሰዓሊው ዛሬ "አንቺም እናትሽ ሞታ ወደ ድሮ ቤትሽ ተመልሰሽ የለ?" አለኝ። ግጥምጥሞሽ ነው። አሜን ታሪኩን ስትጽፍ እማዬ በሕይወት ነበረች። እኔ የተመለስኩት አባዬ ብቻውን መኖር ስላቃተው ነው። በቃ።

የካቲት 7፣ ሐሙስ

አባዬ ሌሊት ይነሳል። ኮሪደሩን ይዞ እግሩን እየጎተተ ይሄዳል፣ በር ይከፍታል፣ ይቆማል፣ ይዘጋል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ከተመለስኩ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ቀኝ እግሩ ወለሉን ይጠርጋል፣ ግራው ይመታል። ጠርግ፣ ምት። ተኝቼ ሳዳምጠው ዛሬ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ይሄንን አረማመድ እኮ ተዋናይ ከፍለን ብናመጣ አናገኘውም።

ጠዋት "አባዬ፣ እስቲ ኮሪደሩ ላይ ሂድልኝ፣ በስልክ ልቅረጽህ" አልኩት።

"ለምኑ?"

"ለሐኪሙ ነው። ጉልበትህን እንዲያይልህ።"

ዓይኔን በጨው ታጥቤ ነው ያልኩት። እሱ ግን ከምሩ አደረገው። "ሐኪም ፊት በፒጃማ አይቀረብም" ብሎ ሸሚዝ ቀየረ፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኛ። ከኋላው ሆኜ ቀረጽኩት። ሦስቴ ተመላለሰ። ሲጨርስ አለከለከና "ደህና ሄድኩ?" አለኝ።

"በጣም" አልኩት።

ማንንም አልጎዳሁም። ጀርባ ብቻ ነው፤ ፊት የለውም።

የካቲት 11፣ ሰኞ

ተራመደ! ቪዲዮውን ምስል በምስል እያቆምኩ ተከታዩን የአባዬን እርምጃ አስያዝኩት። ሁለት ቀን ፈጀ። ሰዓሊው ሲያየው ከወንበሩ ብድግ አለ። አለቃ "ከየት አመጣሽው?" ሲለኝ ከኢንተርኔት አልኩ። አሜን ብቻ "ያሳዝናል እንጂ አያስፈራም" አለች። እሷ ደግሞ! ትል ያሳዝናታል።

የካቲት 16፣ ቅዳሜ

አባዬ ሽሮ ጥዶ ረስቶ ወጣ። ስመለስ ድስቱ ከሰል ሆኗል፣ ቤቱ ጭስ ነው፣ የጋዙ እሳት ይንቦገቦጋል። እሱን ሰፈር ዳር ካለው የአውቶቡስ ማቆሚያ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ጡረታ እስኪወጣ አውቶቡስ ነጂ ነበር፤ አሁንም የሚያልፉትን እያየ "ይሄ በሩን ቶሎ ዘጋው፣ ይሄ ልጅ አይረባም" እያለ ይተቻል። ድስቱን ስነግረው "ኧረ እኔ አልጣድኩም" ብሎ ሙጭጭ አለ። ቤት ገብቶ ድስቱን ሲያይ ግን ፊቱ ተለወጠ።

ማታ ወንድሜ ከሚኖርበት ከተማ ደወለ። ወጥ ቤት በር ዘግቼ አወራሁት።

"ስሚኝ እህቴ፣ እኔ ክፉ ሆኜ አይደለም" አለ። "ግን አንድ ቀን አንቺንም ይዞሽ ይቃጠላል። የአረጋውያን ማእከሉ ንጹሕ ነው፣ ነርስ አለው። ስሙን እናስመዝግብና ወረፋው ሲደርስ እንንገረው። አሁን ብንነግረው በባዶ ሜዳ ይጨነቃል።"

እውነቱን ነው። አባዬ ሳሎን ቁጭ ብሎ ዜና ያያል፤ ስለ እሱ እንደምናወራ የሚያውቀው ነገር የለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ችግር የሚመጣውም ይሄኔ ነው መቼም፤ ጨዋታው ሊወጣ ሁለት ወር ቀርቶታል።

የካቲት 22፣ ዓርብ

ስለ መጨረሻው ተጣላን። ስለ ጨዋታው መጨረሻ ማለቴ ነው።

አለቃ ተከታዩ ከነቤቱ እንዲቃጠል ይፈልጋል። ሴትዮዋ ጋዝ ትከፍታለች፣ ክብሪት ትጭራለች፣ በሩን ትቆልፋለች፣ ከውጭ ቆማ ታያለች። አሜን እሪ አለች።

"ሰው እንዲህ ያለ ጨዋታ የሚጫወተው ለመፍራት ብቻ መሰላችሁ?" አለች። "ፍርሃትማ ቤቱም አለው። ፈርቶ ፈርቶ፣ መጨረሻ ላይ ሰው ሆኖ መውጣት ነው የሚፈልገው። ሴትዮዋ ስትገባም ስትወጣም ያቺው ሴት ከሆነች ምን አደከመን? መለወጥ አለባት!"

"እስቲ አንቺ ተናገሪ" አለኝ አለቃ።

"ማቃጠል የሁለት ቀን ሥራ ነው" አልኩ። "መለወጥ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አላውቅም።"

ሳቁ። አሜን አልሳቀችም። "አንቺ እኮ ጥሩ ሰው ነሽ፤ ምን ሆነሽ ነው?" አለችኝ በኋላ፣ ደረጃው ላይ። ምንም አልሆንኩም። ሥራ በዝቶብኛል። ቀነ ገደብ አለ። ተስፋ የሚሉት ነገር ኮድ ሲሆን ከባድ ነው፤ የእሳት ምስል ግን ዝግጁ ሆኖ ከኢንተርኔት መደብር ይገዛል።

የካቲት 29፣ ዓርብ

አባዬን ማእከሉ አስመዘገብነው። የቤቱን ስልክ ሰጠሁ። ወረፋ አለ ብለዋል። ራሴን ያመኛል። የተከታዩ ካፖርት ጫፍ ግድግዳ ውስጥ ይገባል፤ ነገ ይስተካከል።

መጋቢት 6፣ ዓርብ

አባዬ ሰልጥኗል! ጠዋት ተላጭቶ፣ አልጋውን አንጥፎ፣ የበላበትን አጥቦ አገኘዋለሁ። ሻይ እንኳ ራሱ አያፈላም፤ እኔ እስክመጣ ይጠብቃል። "ምን ተገኘ?" ስለው "እንዲያው ነው፤ ሰው በስተርጅናም ይማራል" አለኝ። ሌሊትም መነሳት ትቷል። ሦስተኛ ሌሊቱ ነው፣ ኮሪደሩ ጭጭ ብሏል። እንግዲህ ይኼኔ ነው ጥሩ እንቅልፍ የሚተኛው።

አልተኛሁም ግን። ዝምታው አዲስ ስለሆነ ይሆናል።

ለወንድሜ ነገርኩት። "ደስ ይላል፣ ማእከሉ ሲገባም አይከብዳቸውም" አለ።

መጋቢት 10፣ ማክሰኞ

አለቃ ጨዋታውን፣ ጨዋታ ነክቶ በማያውቅ ሰው እንድንፈትነው ይፈልጋል። አጨዋወቱ ለማንም ይገባ እንደሆነ ለማወቅ። ሁሉም የየቤቱን ሰው ተከፋፈለ። እኔ ላፕቶፑን ይዤ አባዬ ፊት አስቀመጥኩት።

"በዚች ትሄዳለህ፣ በዚች ትዞራለህ፣ ይቺን ስትጫን በር ይከፈታል፣ ስትለቃት ይዘጋል። አንድ ነገር ይከተልሃል። እንዳይዝህ ሽሽ።"

"ምን አድርጌው ነው የሚይዘኝ?"

"ጨዋታ ነው አባዬ።"

መነጽሩን አደረገ። እንደ መሪ በሁለት እጁ ነው ኪቦርዱን የያዘው። ሳሎኑን አለፈ፣ ኮሪደር ገባ። ከኋላው ጠርግ፣ ምት። ጠርግ፣ ምት። እዚህ ጋ ሰዉ ሁሉ ይሮጣል፤ የአለቃ የእህት ልጅ ማውሱን ወርውሮ ነው የሸሸው። አባዬ በሩን ከፈተና ቆመ። ጣቱን አላነሳም።

"አባዬ ሩጥ! መጣብህ እኮ!"

"ቆይ እንጂ።"

"ይዝሃል!"

"ሽማግሌ ነው እኮ! አረማመዱን አታይም? በር ልዘጋበት ነው እንዴ?" ብሎ ተቆጣኝ። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞሮ፣ ድሮ ተሳፋሪ በሚጠራበት ድምፅ፣ "ግቡ አባት፣ ቀስ ይበሉ፣ አይቸኩሉ" አለ።

ተከታዩም ገባ። አለፈው። ክፍሉ መሐል ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቆመ፣ ቆመ፣ ምንም አላደረገም።

"አሁን ምን ይፈልጋል?" አለኝ አባዬ።

ተከታዩ የሚከተለው ድምፅ ነው። በር ይዞ የቆመ ሰው ድምፅ አያሰማም። ገብቶ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ አልጻፍኩለትም፤ ይሄን ሁሉ ወር ስሠራ ሰው እንዲያሳልፈው ሊፈቅድለት ይችላል የሚል ነገር ውል ብሎልኝ አያውቅም። ስንት ሰው ፈትኖት አንድ እንኳ አልቆመለትም። ስህተቱን መዝግቤ "ይስተካከላል" አልኩ። አባዬ እስኪደክመው ጣቱን ሳያነሳ ጠበቀው።

መጋቢት 11፣ ረቡዕ

ለአሜን አሳየኋት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነው ያየችው። "እንዳታስተካክይው" አለች። "አፈር ስሆን እንዳትነኪው። ይሄው እኮ ነው መጨረሻው!"

"የቆመ ጭራቅ መጨረሻ አይሆንም።"

"የሚፈልገውን ስጪው ታዲያ!"

ምን እንደሚፈልግ በምን አውቄ? የእሳቱን ኮድ ጀምሬያለሁ፤ ግማሽ ደርሷል።

መጋቢት 13፣ ዓርብ

አባዬ "ያንን ነገር አምጪው እስቲ" አለኝ ከራት በኋላ። ወዶታል ብዬ ደስ አለኝ። ከፈትኩለት። በዚህኛው ክፍል ሴትዮዋ ቁም ሣጥን ውስጥ ተደብቃ ተከታዩን ከኋላ የምታይበት ቦታ አለ። አባዬ እዚያ ሲደርስ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ድጋሚ አየ። እኔ የሚታጠፍ ልብስ አገኘሁ።

"ይቺ ጀርባ የኔ ናት" አለ።

ሌላ ሸሚዝ አነሳሁ።

"ሐኪሙ ምን አለ?"

"ገና አላየውም።"

"እሺ" አለ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ተከታዩ ኮሪደሩን ጨርሶ እስኪጠፋ አየውና ላፕቶፑን ራሱ ከደነው። "መጨረሻው ላይ ምን ያደርጉታል?" አለኝ።

"አልወሰንንም" አልኩት። "ገና እየተነጋገርንበት ነው።"

"እሱን ጠይቃችሁታል?"

ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ደህና እደሪ ብሎኝ ገባ። ልብሱን አጥፌ ስጨርስ ሁሉንም በተገላቢጦሽ እንዳጠፍኩት አየሁ።

መጋቢት 14

መሥራት አልቻልኩም። ጉንፋን ሳይሆን አይቀርም።

መጋቢት 17፣ ማክሰኞ

ጠየቅሁት። ለሥራ ነው የጠየቅሁት፤ ተከታዩ ክፍል ገብቶ ምን ያድርግ የሚለው መልስ ያስፈልገዋል። ጥፍሩን እየቆረጥኩለት ነበር።

"አባዬ፣ ያኔ ሌሊት ሌሊት ስትነሳ ምን ፈልገህ ነበር?"

"ቀስቅሼሽ ነበር እንዴ?"

"አይ፣ እንዲያው ነው።"

እንደ ቀላል ነገር ተናገረው። "ሰው ማየት ነዋ። አውቶቡስ ጋራዥ ስታስገቢ የተኛ ሰው እንዳይቆለፍበት እስከ መጨረሻው ወንበር ሄደሽ ታያለሽ። ቤትም እንደዚያው ነው። አንቺና ወንድምሽ ልጆች ሳላችሁ ጀምሮ ነው፤ መኖራችሁን አያለሁ፣ ተገልጣችሁ ከሆነ አለብሳለሁ። እናትሽ 'አንተ ሰውዬ ተኛ' ትለኝ ነበር።"

"አሁን ግን..." አልኩና ተውኩት።

"መሞቷን የረሳሁ መሰለሽ? አልረሳሁም" አለ። "እኔ አልረሳም፤ እግሬ ነው የሚረሳው። ይሄዳል፣ በሩን ይከፍታል፣ አልጋው ባዶ ነው። እህ፣ እላለሁ። ከዚያ ወደ አንቺ በር እመጣለሁ። አንቺ አለሽ። ይሄኔ መተኛት እችላለሁ።"

መቁረጫውን አስቀመጥኩ። ስድስት ወር ሙሉ ትራሴን ጆሮዬ ላይ ጭኜ "በቃህ ተኛ" ስል የነበረው፣ ሰውዬው መኖሬን ሊያይ መጥቶ ነው። አለቀስኩ። እሱ ጥፍሩን ስቆርጥ ሥጋውን የነካሁ መስሎት "ኧረ አልተነካም፣ አይዞሽ" ይለኛል።

መጋቢት 19፣ ሐሙስ

የእሳቱን ኮድ አጠፋሁት። አለቃ ደሙ ፈላ።

"ሁለት ቀን ያልሽው ሥራ!"

"አዎ። አሁን ሦስት ሳምንት ነው።"

አስረዳሁት። በመጨረሻው ምዕራፍ ሩጫ የለም። ሴትዮዋ መደበቅ ትተዋለች፤ በር ትይዝለታለች። ተከታዩ ያልፋል፣ ክፍሉን ያያል፣ ይወጣል፣ ወደሚቀጥለው። ከበር ወደ በር ትከተለዋለች፤ አሁን ተከታይዋ እሷ ናት። የእናቷን ክፍል ሲከፍት ረጅም ጊዜ ይቆማል። እዚያ ተጫዋቹ ጣቱን አንስቶ በሩን ሊዘጋበት ይችላል፤ ከዘጋ ተከታዩ እንደገና ከመጀመሪያው በር ይጀምራል። ከታገሠው ግን ይወጣና ወደ ራሷ ክፍል ይሄዳል፣ ብርድ ልብሱን ያስተካክላል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። እዚያ ላይ ነው ፊቱ የሚታየው።

"ፊት የለውም እኮ!" አለ ሰዓሊው።

"ትስላለሃ።"

"የማንን?"

"የአንድ ሽማግሌ ሰው" አልኩ። ከዚያ ነገርኳቸው፤ አረማመዱን ከየት እንዳመጣሁት። ማንም አልሳቀም። ሰዓሊው "ይፈቅዳሉ ወይ አባትሽ?" አለኝ፤ እኔ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝን።

ማታ ጠየቅሁት። "ካቃጠላችሁት አልፈቅድም" አለ። "ካልሆነ ግን ይሳል። አፍንጫዬን አሳንሱልኝ።"

መጋቢት 30፣ ሰኞ

ኮድ፣ ኮድ፣ ኮድ። ብርድ ልብሱ በተከታዩ እጅ ውስጥ ያልፋል። አሜን እራት ታመጣልኛለች። በየመሐሉ "የባሕርይ ለውጥ ይሏል እንዲህ ነው!" ትላለች፤ ስለ ሴትዮዋ ነው የምታወራው፣ ግን እኔን እያየች ነው። ሆድ ይፍጀው።

አባዬ ከስቷል። ከመጠን በላይ ጨዋ ሆኗል። ትናንት ለውሃ እንኳ አስፈቀደኝ።

ሚያዝያ 6፣ እሑድ

አለቃ ተቀምጦ መጨረሻውን ተጫወተው። የእናትየዋ በር ላይ አንዴ ጣቱን አነሳ፣ ተሳደበ፣ ከመጀመሪያው ጀመረ። ሲጨርስ ማዳመጫውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። አሜን ትንፋሿን ይዛለች። "ረዝሟል፣ አንድ በር ቀንሱ" አለና ወጣ። አሜን አቅፋኝ ጮኸች። በአለቃ ቋንቋ እንኳን ደስ ያላችሁ ማለት ነው።

ሚያዝያ 9፣ ረቡዕ

ማእከሉ ደወለ። አልጋ ተገኝቷል። ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ካልገባ ለሌላ ይሰጣል። ወንድሜ በመኪና እየመጣ ነው። "ነገርሽው?" አለኝ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ።

ሚያዝያ 11

ዛሬም አልነገርኩትም። ለጭራቅ በር ይያዝለት ብዬ ከአለቃ ጋር የተሟገትኩ ሰው፣ የገዛ አባቴ ፊት አፌ ተሳሰረ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ደርሷል፤ ነገ ጠዋት ነው።

ሚያዝያ 12፣ ቅዳሜ

ወንድሜ በማለዳ ደረሰ። አባዬ ሲያየው ደስ ብሎት ተነሳ፣ ሳመው፣ "ከሳህ" አለው። ወንድሜ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም። ሳሎን ተቀመጥን። አባዬ ተላጭቶ፣ ያቺኑ የሐኪም ሸሚዝ ለብሷል።

"አባዬ" አልኩ። "ስምህን አስመዝግበን ነበር። የአረጋውያን ማእከል። አልጋ ተገኝቷል፤ ዛሬ ነው። ሳንነግርህ ነው ያደረግነው። እኔ ነኝ ያልነገርኩህ።"

"አውቃለሁ" አለ።

ወንድሜ "ምን?" አለ።

"ደውለው ነበር። እህትህ ሥራ ላይ ሳለች። የደወለችው ልጅ ጨው ይበላሉ ወይ፣ ብቻዎን ይታጠባሉ ወይ፣ ሌሊት ይነሳሉ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ትሑት ልጅ ናት።"

"መቼ ነው?" አልኩት።

"ቆየ። ወር አልፎታል።"

"ምን አልካት?"

"ሌሊት አልነሳም አልኳት" አለ። "ከዚያ ውሸታም እንዳልሆን ብዬ መነሳቱን ተውኩት።"

ስንት ሌሊት ነው! አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ መኖሬን ማየት እየፈለገ፣ እግሩን ይዞ ያደረው ስንት ሌሊት ነው! እኔ ሰለጠነ ብዬ ጽፌያለሁ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አንቺ እስክትነግሪኝ ነዋ። ከሰው አፍ ሰማሁ ብዬ እንዴት ላሳፍርሽ?" ከዚያ ጉልበቱን ይዞ ወደኔ ዞረ። "ድስቱን እኔ ነኝ ያቃጠልኩት፤ ወንድምሽ ያለው ሐሰት የለበትም። ብትሉኝ እሄዳለሁ። ግን አንቺ የምትፈልጊውን ከአፍሽ ልስማ።"

"እንድትሄድ አልፈልግም" አልኩ። "እፈራለሁ ግን አባዬ። በጣም ነው የምፈራው።"

"እኔም እፈራለሁ" አለ።

ወንድሜ ተነስቶ ወጥ ቤት ገባ። ምድጃውን ሲከፍት ሲዘጋ ሰማሁት። ተመልሶ "በሰዓት ራሱን የሚዘጋ መቆጣጠሪያ ይሸጣል፤ ከሰዓት እገዛለሁ" አለ። "በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜና እሑድ እኔ እመጣለሁ። አንቺ ብቻሽን አትችይም። እሱ ከባሰበት ግን እንደገና እንነጋገራለን፣ እሱ ባለበት።"

"እኔ ባለሁበት" አለ አባዬ።

ስልኩን አንስቼ ማእከሉ ጋ ደወልኩ። ትሑቷ ልጅ ናት ያነሳችው። አባቴ እንደማይመጣ ነገርኳት።

"ምክንያቱን ምን ብዬ ልጻፍ?" አለችኝ።

"እፈልገዋለሁ።"

"ይቅርታ፣ ምን አሉኝ?"

"አባቴን እፈልገዋለሁ" አልኳት።

ደግማ አልጠየቀችኝም። ወንድሜ ጫማውን አወለቀ። አባዬ ራበኝ አለ።